2352

760 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል፣ ፊቱ ላይ «700 ሜጋ ባይት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ሲዲ ላይ ይገባል። አንድ ባይት ሳይጎድል፣ ቦታም ተርፎ። ይሄን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ፤ ሒሳብ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ግን እውነት ነው። የድሮ ኮንሶል ጌም በርን ለማድረግ የሚነሳ ሰው ሁሉ ግራ የሚያጋባው የስም ጋጋታ፣ ቢን፣ ኪው፣ አይኤስኦ፣ ሲዲአይ፣ ሲሲዲ የሚባለው ሁሉ፣ መነሻው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲወጣ የተሠራው ለሙዚቃ ነው። ኮምፒውተር በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ለግራና ለቀኝ አንድ ላይ 4 ባይት ይወስዳል፤ ሰከንዱ ደግሞ 75 ቦታ ይቆራረጣል። ስልካችሁን አውጡና አካፍሉት፦ አንዱ ቁራጭ 2,352 ባይት ይሆናል። ሴክተር የሚባለው እሱ ነው። 80 ደቂቃ ያለው ሲዲ 360,000 ሴክተር አለው።

ሙዚቃ ላይ ትንሽ ነገር ቢበላሽ ማጫወቻው ከፊትና ከኋላ ያለውን አይቶ ይገምታል፤ ጆሯችንም አይነቃም። ፕሮግራም ግን ግምት አይወድም። አንድ ቢት ከተሳሳተ ጌሙ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዳታ ሲዲ ላይ ሲሰፍር ከ2,352ቱ ውስጥ ለጥበቃ ግብር እንዲከፍል ተደረገ፤ 12 ባይት የሴክተሩን መጀመሪያ ለማወቅ፣ 4 ለአድራሻ፣ 4 ስህተት ለማየት፣ 8 ባዶ፣ 276 ስህተት ለማረም። ለዳታው የተረፈው 2,048 ነው። ሳጥኑ ላይ «700» ብለው የሚጽፉት ይሄንን ብቻ ቆጥረው ነው። ግብሩንም አብሮ የያዘ ፋይል ከመጣ ሲዲው ከ800 ሜጋ በላይ ይችላል።

አይኤስኦ ማለት እንግዲህ ይሄን ግብር ጥሎ 2,048ቱን ብቻ የሚይዝ ፋይል ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው አይኤስኦ 9660 ከሚባለው የሲዲ ፋይል አደረጃጀት ደረጃ ነው። በኮባ የተጋገረ ዳቦን አስቡ። አይኤስኦ ኮባውን ገፎ ዳቦውን ብቻ ያቀርብላችኋል። ለተራ የኮምፒውተር ዲስክ ይሄ ምንም ችግር የለውም፤ የተጣለው የጥበቃ ክፍል ከዳታው ተሰልቶ የሚገኝ ስለሆነ በርን የሚያደርገው ድራይቭ መልሶ ይሠራዋል። ቢን ደግሞ ከነኮባው ነው፤ 2,352ቱንም እንዳለ። ኪው የሚባለው አጠገቡ የሚቀመጠው ትንሽዬ ፋይል በኖትፓድ የሚከፈት ጽሑፍ ሲሆን፣ ቢኑ ውስጥ ምን ከየት እንደሚጀምር ይናገራል፦ ትራክ 01 ዳታ፣ ትራክ 02 ኦዲዮ፣ በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ ሰከንድ፣ በዚህ ፍሬም። ፍሬሙ ከ0 እስከ 74 ይቆጠራል። ለምን 74 እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።

ይሄን ሁሉ ለማወቅ ያስገደደኝ አንድ ካርቶን ነው።

ሰፈራችን ለልማት ሊነሳ ነው ተብሎ ዕቃ ስንሸክፍ፣ ከቁምሳጥኑ ላይ የወንድሜ ሲዲዎች ወረዱ። ስልሳ ገደማ ናቸው። ሁሉም በርን የተደረጉ፣ ሁሉም ላይ በሰማያዊ ማርከር የእሱ ጽሑፍ። ወንድሜ በ1994 ዓ.ም. ከግቢያችን በር አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች አንድ ክፍል ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ኮንሶል፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አንድ ጨዋታ 50 ሳንቲም። ለእኔ ነፃ ነበር፤ ግን ከፋይ ከመጣ ተነሺ እባላለሁ። ስለዚህ ከተጫወትኩት ይልቅ ያየሁትና የሰማሁት ይበልጣል።

እማዬ ካርቶኑን ምን እናድርገው ስትለው፣ ጅዳ ሆኖ በቴሌግራም «ኧረ ጣሉት» አለ። እሱ እንደዚህ ነው፤ የራሱን ነገር አያከብርም። እኔ ግን ሲዲዎቹን መብራት ላይ ከፍ አድርጌ ሳያቸው የአንዳንዶቹ ጠርዝ ወይቧል። በርን የሚደረግ ሲዲ እንደ ኦሪጅናሉ በፋብሪካ የተቀረጸ ጉድጓድ የለውም፤ ጨረር የሚያቃጥለው ስስ ቀለም ነው ያለው፣ ቀለም ደግሞ ያረጃል። ከሃያ ዓመት በላይ ሙቀትና አቧራ የቆየ ቀለም ምን ያህል እንደሚቀረው ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ድራይቭ ተዋስኩና እያንዳንዱን ወደ ፋይል ልገለብጥ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የመጣው፤ በምን ፎርማት?

ብዙ ሰው «አይኤስኦ አርገው፣ ቀላል ነው» ይላል። ለፕሌይስቴሽን 2 የዲቪዲ ጌሞች ትክክል ነው፤ የዲቪዲ ሴክተር 2,048 ስለሆነ አይኤስኦው ሙሉ ነው። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ግን ይሄ ምክር መጥፎ ነው። ሶኒ እዚያ ላይ የተጠቀመበት የሴክተር ዓይነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደ ተለመደው 2,048 ይይዛል። ሁለተኛው ለቪዲዮና ለንግግር የሚሆን ነው፤ የማረሚያውን ክፍል ጥሎ 2,324 ባይት ይይዛል፤ ምክንያቱም ቪዲዮ ላይ ትንሽ ብልሽት ቢታይ ማንም አይሞትም። አይኤስኦ ሁሉንም በ2,048 ልክ ከቆረጠው ከሁለተኛው መልክ 276 ባይት ይጎድላል። ጌሙ ይከፈታል፤ መሃል ላይ ቪዲዮው ይንተባተባል፣ ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ ድምፅ የለም። ልጅ ሆኜ አንዳንድ ጌሞች እንደዚህ የተሠሩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ኦዲዮ ትራክ አለ። በዘመኑ ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸውን እንደ ማንኛውም የሙዚቃ ሲዲ ነው ዲስኩ ላይ የሚያስቀምጡት፤ ትራክ 1 ጌሙ፣ ከትራክ 2 ጀምሮ ዘፈን። አይኤስኦ ስለ ኦዲዮ ትራክ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ፎርማቱ ውስጥ ቦታቸው ራሱ የለም። በአይኤስኦ የገለበጠ ሰው ጌሙን ያገኛል፣ ሙዚቃውን አያገኝም፣ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጠውም።

ሪጅ ሬሰር የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የናምኮ የመኪና ውድድር ነው፤ ጃፓን ውስጥ ከፕሌይስቴሽኑ ጋር በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ወጣ። (ወንድሜ ቤቱን የከፈተውም በ«1994» ነው፤ በመሃል ግን ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የዘመን አቆጣጠራችን እንደዚህ ያጫውታል።) የኮንሶሉ ዋና ሚሞሪ 2 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ ሪጅ ሬሰር ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። እስኪጫን ድረስ እንኳ ጋላክሲያን የምትባል ትንሽ ጨዋታ ይሰጥሃል። ከተጫነ በኋላ ዲስኩ የሚያስፈልገው ለሙዚቃ ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍተህ ዲስኩን አውጥተህ የራስህን የሙዚቃ ሲዲ ብትከት፣ ጌሙ «ትራክ 4ን አጫውት» ሲል የአንተን ትራክ 4 ያጫውታል። የማን ዘፈን እንደሆነ አይጠይቅም።

እኛ ቤት የነበረው ሪጅ ሬሰር ዝም ያለ ነበር። መርካቶ የገለበጠው ሰው ዳታውን ብቻ ወስዶ ሙዚቃውን ትቶታል። የሞተር ጩኸት፣ የጎማ ሲጥታ፣ በቃ። ልጆቹ «ድዳው ሬስ» ይሉት ነበር።

መርካቶውን ለማማት አይደለም። በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር ኦሪጅናል ዲስክ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም፤ የሚሸጥበት ሱቅም አላውቅም። ኮፒው ለእኛ ኦሪጅናል ነበር። ስለ ኦሪጅናል የምናውቀው ሆዱ ጥቁር መሆኑን ነው፤ ልጆቹም «ኮፒ የማይሆነው ጥቁር ስለሆነ ነው» ይሉ ነበር። አይደለም። ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ጨረሩ አልፎት ይሄዳል። ቁልፉ ሌላ ቦታ ነው፤ ዲስኩ መግቢያ ላይ ጨረሩ የሚከተለው መስመር ራሱ ሆን ተብሎ በጣም በትንሹ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውም አራት ፊደል ያለው የክልል ምልክት ይጽፋል፤ ለጃፓን አንድ፣ ለአሜሪካ አንድ፣ ለአውሮፓ አንድ። ባዶ ሲዲ መስመሩ ከፋብሪካ ተሰምሮ የሚመጣ ስለሆነ በርን የሚያደርገው ድራይቭ ያንን ውዝዋዜ ሊጨምርበት አይችልም። ይሄ ማለት ቢንም ይሁን ሌላ፣ የትኛውም ፋይል እሱን አልያዘም። የወንድሜ ሁለት ኮንሶሎች ቺፕ የገባላቸው ለዚህ ነው፤ ቺፑ ፊደሎቹን እያስመሰለ ለኮንሶሉ ይነግርለታል።

አንዳንዱ ጌም ደግሞ በዚህ አይታለልም። ካርቶኑ ውስጥ ስፓይሮ፦ ይር ኦፍ ዘ ድራገን አለ፣ እ.ኤ.አ. የ2000 ጌም። ሠሪዎቹ ኮፒ መሆኑን ሲያውቅ ወዲያው እንዲዘጋ አላደረጉትም፤ ቀስ በቀስ እንዲበላሽ እንጂ። የሰበሰብከው እንቁ ይጠፋል፤ መጨረሻው ፍልሚያ ጋ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ይመልስሃል። የኛ ሰፈር ልጆች ጌሙ ሰይጣን ገብቶበታል ብለው ደመደሙ፤ አንዱ ጠበል እንርጨው ብሎ ነበር። የአውሮፓ ቅጂዎች ላይ ደግሞ ሊብክሪፕት የሚባል ጥበቃ አለ። ከ2,352ቱ ውጭ፣ ከእያንዳንዱ ሴክተር ጎን ለጎን የሚሄድ ሰብቻናል የሚባል ቀጭን የመረጃ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ሆን ተብለው የተበላሹ ጥቂት ቦታዎች ይቀመጣሉ፣ ጌሙም እነሱን ይፈልጋል። ቢንና ኪው ሰብቻናልን አይዙም። ክሎንሲዲ የሚባለው ፕሮግራም ሲሲዲ፣ አይኤምጂ እና ሰብ የሚሉ ሦስት ፋይሎች የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ሰብ የተባለው ያንን ቀጭን መስመር ይይዛል።

ሲዲአይ ሌላ ታሪክ ነው፤ የሴጋ ድሪምካስት ነገር ነው። ድሪምካስትን በዓይኔ ያየሁት በቅርቡ ነው፤ ሰፈራችን አልደረሰም። የራሱ ዲስክ ወደ 1 ጊጋ ባይት ይይዝ ነበር። ሴጋ ግን ሚል-ሲዲ ለሚባል የሙዚቃ ዲስክ ዓይነት በር ከፍቶ ተወ፤ በዚያው በር ተራ ሲዲ ያለ ምንም ቺፕ ገባ። ችግሩ 1 ጊጋ 700 ሜጋ ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ሰዎች ሙዚቃውን አወረዱት፣ ቪዲዮውን ቆረጡት። በሲዲአይ የሚዞሩ ብዙ ጌሞች እንዲህ የተከረከሙ ናቸው። ሙሉውን ለሚፈልግ ጂዲአይ የሚባል አለ፤ እሱ ግን እንዳለ ተራ ሲዲ ላይ በርን አይደረግም። ለእኔ ይሄ ከአይኤስኦ የተሻለ ሐቀኝነት አለው፤ ቢያንስ የቆረጠው ሰው ምን እንደቆረጠ ያውቃል።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ከስልሳዎቹ መሃል አንዱ ላይ «ሪጅ — ባለ ድምፅ» ተጽፏል።

ድዳውን ሬስ ወንድሜ እንዴት እንዳናገረው የማውቀው ከፊሉን ነው። የሆነ ጊዜ ላይ ጓደኛው ቤት ያለ ኮምፒውተር ላይ ሲያመሽ ከረመ፣ ከዚያ አንድ ቀን መኪናው ሲነሳ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ መጣ። ቤቱ ተናወጠ። ኪው ፋይል ምን እንደሆነ ካወቅኩ በኋላ ነው የሠራው ነገር የገባኝ፤ ዳታውን በቢን አወጣው፣ ከካሴት ዘፈኖችን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ቀዳ፣ ከዚያ በኖትፓድ ኪው ጻፈ፦ ትራክ 01 ዳታ፣ የሁለት ሰከንድ ክፍተት፣ ትራክ 02 ኦዲዮ፣ ትራክ 03 ኦዲዮ... ያስተማረው ሰው አልነበረም።

ዲስኩን ድራይቭ ውስጥ ስከተው 9 ትራክ አሳየኝ። አንድ ዳታ፣ ስምንት ኦዲዮ። ዳታው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወጣ። ሪደምፕ የሚባል፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች የኦሪጅናል ዲስኮችን የእያንዳንዱን ትራክ የቁጥር አሻራ የሚመዘግቡበት መዝገብ አለ፤ የኔን አስተያየሁት። ትራክ 1 ገጠመ። ከኦሪጅናሉ በአንዲት ቢት አይለይም፤ ያ መርካቶ ያለ ሰው ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፣ ሙዚቃውን ተወው እንጂ። ትራክ 2 አልገጠመም። 3ም። 4ም። በዚህ መዝገብ ቋንቋ ይሄ የተበላሸ ዲስክ ነው፤ የሚጣል። መዝገቡን አልወቅሰውም፤ ሥራው ናምኮ ያወጣውን መጠበቅ ነው። የኔ ሥራ ግን ያልገጠመውን ማውጣት ነበር።

ዘፈኖቹ ቁጥራቸውን ስቆጥር እስከ ትራክ 8 ሰባት ናቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ የካሴቱ ሽሽታ ሳይቀር። ትራክ 9 ግን የማላውቀው ነው። 11 ደቂቃ ይላል። ጌሙ ትራክ 9ን ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም።

እሱ ነው ደግሞ አልወጣ ያለው። ሲዲ ከመሃል ወደ ውጭ ነው የሚጻፈው፤ የመጨረሻው ትራክ ወደ ጠርዙ ይጠጋል፣ ጠርዙ ደግሞ የጣት አሻራም ጭረትም የሚበዛበት፣ ቀለሙም መጀመሪያ የወየበበት ነው። ኦዲዮ እንደ ዳታው 276 ባይት ማረሚያም የለውም። ስለዚህ መላው ደጋግሞ ማንበብና ማመሳከር ብቻ ነው። ሲዲፓራኖያ የሚባለው ፕሮግራም ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል፤ ያነበበውን ሳያምን መልሶ ያነባል። አንዱ ድራይቭ እምቢ ሲል ሌላ ተዋስኩ፤ አንዳንዴ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ሌሊቱን ሙሉ ድራይቩ ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ላይ 116 ሜጋ ባይት ገደማ ፋይል ነበር፣ ሁለት ቦታ ላይ ትንሽ ጠቅ የሚል።

መጀመሪያ የሚሰማው ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ፣ የክረምት ዝናብ። ከዚያ የጆይስቲክ ቁልፍ ጠቅጠቅታ፣ ከዚያ ልጆች። «ተራዬ ነው!» «ሁለት ጎል ነው የቀረህ፣ ዝም በል!» ወንድሜ የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ሆኖ ይቀልዳል፤ ተጫዋቾቹ ግን የሰፈር ልጆች ናቸው፣ በቅጽል ስማቸው ይጠራቸዋል። አንድ ቦታ ላይ እማዬ ከውጭ ስሜን ትጣራለች። እኔ «አቤት!» እላለሁ፤ ድምፄ እንደዚህ ቀጭን እንደነበር አላስታውስም።

እማዬን ጠርቼ አሰማኋት። ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። አንዱ ልጅ ሲስቅ «ይሄ እኮ የጎረቤታችን ልጅ ነው» አለች። ያ ልጅ አሁን በሕይወት የለም። እናቱ ዕቃ ጭነው ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱት ባለፈው ሳምንት ነው። እማዬ «መልሽው» አለች፤ መለስኩት። «መልሽው።» አሁንም መለስኩት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ይሄንን በስልክ መላክ ይቻላል?» አለች።

ይቻላል፣ አልኳት። ለእናቱ የሚላከው በኤምፒ3 ነው፤ ስልካቸው ላይ እንዲከፈት። የሚቀመጠው ግን ሌላ ነው። ሙሉውን ዲስክ በቢንና በኪው አስቀመጥኩት፣ እያንዳንዱን ትራክ በየራሱ ቢን፣ ከነክፍተቱ። ሌላ አንድ ቅጂ በሲኤችዲ አደረግኩ፤ ምንም ሳይጥል አጨብጦ ሁሉንም ትራክ በአንድ ፋይል የሚይዝ ነው፣ ኪው ፋይሉ ጠፍቶ ቢኑ ባዶውን እንዳይቀር። ከዚያ በርን አደረግኩት። ኢንተርኔት ላይ «በተቻለ መጠን ዝቅ ባለ ፍጥነት» የሚል ምክር ሞልቷል፤ የድሮ ምክር ነው፣ የዛሬ ድራይቮች ብዙዎቹ ዝቅ ልበል ቢሉም አይችሉም። በ16 እጥፍ ጻፍኩት፣ ሠራ።

ለወንድሜ ትራክ 9ን በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ቀን ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት፣ ከሥራ ሲወጣ ይመስለኛል፣ ድምፅ ላከ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ከዚያ፦

«አንቺ... እሱን እኮ ረስቼዋለሁ። ዘፈኑ አልቆብኝ ሲዲው ላይ ቦታ ተርፎ ነበር። ባዶውን ከሚሄድ ብዬ ነው።»